ኩታበር ሰማይ ላይ የነደደው ሞተር

ባለፈው ሳምንት አንድ ተለማማጅ ልጅ፣ ሞተር ስፈታ አጠገቤ ቆሞ እያየ፣ «ሁለት ሞተር ካለውማ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይሄዳል አይደል? ምን ያሳስባል?» አለኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። በትንሽ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ በመስኮት አይቶ ሁለት ሞተር ሲቆጥር ልቡ ይረጋጋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሙያው በእጄ ሆኖ፣ ስንቱን ሞተር ፈትቼ እየገጠምኩ፣ እንደዚያ ነበርኩ።

«ማታ እጽፍልሃለሁ» አልኩት። ይኸው።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ያደግሁት አውሮፕላን ማረፊያው ከሚታይበት ሰፈር ነው። ሌላው ልጅ ኳስ ሲያባርር እኔ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ የሚያርፈውንና የሚነሣውን እቆጥር ነበር። አያቴ ግን የአውሮፕላን ድምፅ አትወድም። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጣልያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ትንሽ ልጅ ነበረች። እስክታረጅ ድረስ ድምፁን በሰማች ቁጥር ቀና ብላ «ያ ረቢ፣ በሰላም አሳልፈው» ትል ነበር። የምትለምነው ለሚበሩት ይሁን ከታች ላለነው ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ቢሆን እጠይቃት ነበር።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጥቅምት። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ መስሏል። ባለ ስድስት መቀመጫ፣ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ይዘን ላሊበላ አድረናል። አራት ነን። ካፒቴኑ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ብዙ የማይናገሩ ሰው፤ እኔ፤ ደግሞ ሁለት የመሬት ቅየሳ ባለሙያዎች። አንደኛው ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ የደሴ ልጅ ናት፣ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመቷ። ኮምቦልቻ አርፈን የቅየሳ ዕቃ ጭነን ወደ አዲስ አበባ ልንቀጥል ነው። እናቴ ጋ ደውዬ «ቡና አፍልተሽ ጠብቂኝ» ብያታለሁ።

ጠዋት አውሮፕላኑን እየዞርኩ ሳይ፣ የቀኙ ሞተር ሽፋን፣ ካውሊንግ የምንለው፣ ታችኛው ጠርዙ ላይ አንዲት ነጠብጣብ አየሁ። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። ሰማያዊ ናት።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የእነዚህ የፒስተን ሞተሮች ቤንዚን የመኪናው ዓይነት አይደለም። 100 ኤልኤል ይባላል፣ ሆን ተብሎ ሰማያዊ ቀለም ይገባበታል። ቀለሙ ነዳጁን ከሌላው ለመለየት ነው፤ ለእኛ ለመካኒኮች ግን ሌላም ጥቅም አለው። ነዳጅ ከሆነ ቦታ በትንሽ በትንሹ ሲያፈተልክ ቤንዚኑ ይተናል፣ ቀለሙ ግን ይቀራል። ሰማያዊ ቅሪት ያየ መካኒክ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ላይ መከተል አለበት። ከየት ነው የመጣው? ከየትኛው ቱቦ፣ ከየትኛው ዳዶ? ምንጩን ሳያገኝ እጁን አይታጠብም።

እኔ ምን አደረግኩ? በጨርቅ ጠረግሁት።

እውነቱን ልናገር። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ቀለል ያለ የቤንዚን ሽታ ነበር። ትናንት ማታ ነዳጅ ስንሞላ በክንፉ ላይ ትንሽ ፈስሶብን ነበርና «እሱ ወርዶ ይሆናል» አልኩ። ሞተሩን አስነሥተን ለጥቂት ደቂቃ አስጮህነው። ከጠፋ በኋላ በእጅ ባትሪ በሽፋኑ ክፍተት አየሁ። ደረቅ ነው። ሽፋኑን አልፈታሁትም። ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነበር። ካፒቴኑ «እንዴት ነው?» ሲሉኝ «አይቻለሁ ካፒቴን፣ ችግር የለውም» አልኳቸው። ያ ሞተር ከአንድ ሳምንት በፊት ከጥገና የወጣ መሆኑን አውቃለሁ። ማወቄ ይበልጥ እንድጠረጥር ሊያደርገኝ ሲገባ፣ «ገና አሁን የተሠራ ነው» ብዬ እንድተማመን አደረገኝ።

ተነሣን። ከላሊበላ ኮምቦልቻ በአየር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለእንዲህ ያለ አውሮፕላን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በመኪና ያንን መንገድ የሄደ ሰው ከላይ ሲያየው ይገርመዋል። 13,500 ጫማ ላይ ሆነን እንኳ የደላንታ አምባ ከሥራችን ቅርብ ነው። እህሉ ቢጫ ሆኗል፣ የሣር ቤቶቹ ይቆጠራሉ። የደሴዋ ልጅ በመስኮት የወገልጤናን አቅጣጫ እያሳየች ለጋሼ ኦፓል የሚወጣበትን ገደል ታስረዳለች። ከዚያ መሬቱ ድንገት ይጠፋና የበሽሎ ሸለቆ ይከፈታል። እኔ ከካፒቴኑ ጎን፣ በቀኝ ወንበር ነኝ። የቀኙ ሞተር ከትከሻዬ አጠገብ ማለት ነው።

በሽሎን ተሻግረን ወደ ኩታበር ስንቃረብ የነዳጅ ፍሰቱ መርፌ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ወረድ፣ ወጣ። ካፒቴኑ በጣታቸው መስተዋቱን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ሽታው መጣ። የጠዋቱ ሽታ። ክው አልኩ።

ሞተሩ እንደ ሰው አንድ ጊዜ ሳለ። ደግሞ ሳለ። ዞሬ በመስኮት አየሁ። የሽፋኑ ነጭ ቀለም ምጣድ ላይ እንደተጣለ እንጀራ ዓይን እያወጣ ነበር። እየተንፈቀፈቀ፣ አንዱ ዓይን እየፈነዳ፣ ጠርዙ እየጠቆረ። ይህን በቃላት መናገር ይከብደኛል። ቀለሙ ሲያብጥ እሳቱ ገና አልታየም ነበር። ከአንድ ትንፋሽ በኋላ በአየር ማስወጫ ቀዳዳዎቹ በኩል ብርቱካን ነበልባል ወጣና በክንፉ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

«እሳት» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ካፒቴኑ አልጮኹም። አልተቻኮሉም። «የቱ?» አሉ። «ቀኝ!» አልኩ። እጃቸውን የቀኙ ሞተር ማንሻ ላይ አድርገው «ይህ ነው?» አሉኝ። «እሱ ነው።» ወደ ኋላ ሳቡት። ከዚያ የቀኙን ነዳጅ መዝጊያ ያዙ። እንደገና «ይህ ነው?» «እሱ ነው፣ ቀኝ ነው።» ዘጉት። የነዳጅና የአየር ድብልቁን ቆረጡ፣ ፕሮፔለሩን ፌዘር አደረጉ፣ ፓምፑን፣ ብልጭታ የሚሰጠውን ማግኔቶ፣ ጄኔሬተሩን አጠፉ።

በዚያች ሰዓት ሁለት ጊዜ መጠየቃቸው አንገብግቦኝ ነበር። እየነደድን እኮ ነው! በኋላ ነው ምን እንዳደረጉ የገባኝ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ደህናውን ሞተር ያጠፋል። የፈጠራ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ታይፔ ላይ አንድ ኤቲአር 72 እንደተነሣ አንዱ ሞተሩ ጉልበት አጣ። ሠራተኞቹ በድንጋጤ የሚሠራውን ሌላውን አጠፉት። አውሮፕላኑ ወንዝ ውስጥ ገባ፣ ከ58 ሰው 43 ሞተ። የሠለጠኑ አብራሪዎች ናቸው። የካፒቴኔ «ይህ ነው?» የምትል ጥያቄ ሁለት ሰከንድ ትወስዳለች። አራት ነፍስ ተንጠልጥሎባት ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ተለማማጁ ጥያቄ ልመለስ።

ልጄ፣ የገጠር ዘመድ ካለህ ጥማድ በሬ ሲያርስ አይተሃል። አንዱ በሬ ትልም መሐል ቢወድቅስ? በቀሪው ግማሽ ማሳ ታርሳለህ? አታርስም። ቀንበሩ ይጣመማል። ቆሞ የሚጎትተው በሬ ሞፈሩን ወደ ወደቀው በሬ ጎን ያዞረዋል። አራሹ እርሻውን ትቶ ቀጥ ብሎ ለመቆም ይታገላል። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን እንዲሁ ነው። የቀኙ ሲጠፋ የግራው አፍንጫውን ወደ ቀኝ ይገፋል። አብራሪው በግራ እግሩ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው እየረገጠ ይይዘዋል። ሥራ የፈታው እግር በጠፋው ሞተር በኩል ያለው ነው፤ በድንጋጤ ጊዜም የትኛው ሞተር እንደጠፋ የሚለየው በዚህ ነው። ፍጥነቱ ደግሞ ከሆነ መጠን በታች ከወረደ የትኛውም እግር አይበቃም። አውሮፕላኑ ተገልብጦ ይወርዳል። ለዚህ ነው በፍጥነት መለኪያው ላይ ቀይ መስመር ያለው። ሰማያዊው መስመር በአንድ ሞተር የተሻለ መውጣት የሚቻልበት ፍጥነት ነው። ካፒቴኔ ዓይናቸውን ከዚያች ሰማያዊ መስመር አላነሡም።

ጉልበቱስ? ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። አብዛኛው የሞተር ጉልበት የሚያልቀው አውሮፕላኑን ባለበት ለማቆየት ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ትርፉ ነው። አንድ ሞተር ሲጠፋ ጉድለቱ ሁሉ የሚያርፈው ትርፉ ላይ ነው። ስለዚህ ግማሽ ጉልበት አጥተህ ከመውጣት አቅምህ ግን 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ታጣለህ። ድሮ በወጣው የአሜሪካ ደንብ ከ6,000 ፓውንድ፣ ማለት ከ2,700 ኪሎ ገደማ፣ የማይበልጥና በዝግታ ማረፍ የሚችል ባለ ሁለት ሞተር «በአንድ ሞተር መውጣት አለበት» የሚል ግዴታ እንኳ አልነበረበትም። ዛሬም የሚበሩት ብዙዎቹ በዚያ ደንብ የተፈቀዱ ናቸው።

የእኛን አገር ደግሞ ጨምርበት። ቱርቦ፣ ማለት አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። የኮምቦልቻ ማረፊያ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ6,000 ጫማ በላይ ነው። ከትናንሾቹ ባለ ሁለት ሞተሮች ውስጥ በአንድ ሞተር ከ4,000 ጫማ በላይ መቆየት የማይችሉ አሉ። እንግዲህ አስብ። ወሎ ላይ እንዲህ ያለው አውሮፕላን አንድ ሞተር ሲጠፋበት መሬቱ ራሱ ከአቅሙ በላይ ነው። የእኛው ቱርቦ ስለነበረው ይሻል ነበር። ይሻል ነበር እንጂ ቀስ በቀስ መውረዱ አልቀረም።

እሳት ሲጨመር ግን ስለ መውጣት ማሰብም ይቀራል። የሚቆጠረው ደቂቃ ነው።

ከሞተሩ በስተኋላ ፋየርዎል አለ። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ስስ ግድግዳ ነው። እሳት ይቋቋማል የሚባለው 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ15 ደቂቃ ችሎ ከቆመ ነው። ከግድግዳው ኋላ ያለው ክንፍ ግን አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ክንፉ ውስጥ ነዳጅ አለ፣ ክንፉን የተሸከመው ዋናው ዘንግም እዚያው ያልፋል። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ሞተር ውስጥ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ ጠርሙስ አላቸው። ከትናንሾቹ ብዙዎቹ የላቸውም። ያለህ አንድ መሣሪያ ነዳጁን መዝጋት ነው። የቱርቦ ጭስ ማውጫ በሥራ ላይ ሳለ 900 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ቀልቶ ይታያል። ቤንዚን እዚያ ላይ ከተረጨ ክብሪት አያስፈልገውም።

የእኛው ነዳጁ ከተዘጋ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነደደ። በቱቦው ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ። ያቺ ግማሽ ደቂቃ በሕይወቴ ረጅሟ ናት። ነበልባሉ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ፣ ጥቁር ጭስ ብቻ ቀረ። ፕሮፔለሩ ቆሟል። ምላጮቹ ስለታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው፣ ዝም ብለው። ፌዘር ማለት ይህ ነው። ምላጮቹ ካልዞሩ ፕሮፔለሩ በነፋስ እየተሽከረከረ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ከኋላ ጋሼ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዳዊት ይደግማሉ። ልጅቷ እጃቸውን ይዛ «አብሽሩ ጋሼ፣ አብሽሩ፣ ኮምቦልቻ እኮ ደርሰናል» ትላለች። አልደረስንም ነበር። ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረን ነበር። ነገር ግን ያቺ «አብሽሩ» ለእሳቸው የተባለች ብትሆንም እኔን አቆመችኝ። የወሎ ሰው ይህን ቃል በለቅሶ ቤትም፣ በሰርግም፣ በገበያም ሲለው ሰምቼ አድጌያለሁ። እንደዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ካፒቴኑ በሬድዮ ሜይዴይ ብለው ጠሩ፣ የት እንዳለን፣ ስንት ሰው እንደሆንን ተናገሩ። ከዚያ አፍንጫውን ዝቅ አድርገው ቁልቁል ያዙት። እዚህ ላይ አገሬን ማመስገን አለብኝ። በሌላ አቅጣጫ ብንሆን፣ ወደ ላስታ ተራሮች ወይም ወደ ወረኢሉ አምባ፣ መሬቱ ከሥራችን አይሸሽም ነበር። ከኩታበር ወደ ኮምቦልቻ ግን አገሩ ራሱ ቁልቁለት ነው። ጦሳ በቀኝ አለፈ። ደሴ ገደል ሥር ተኮልኩላ ታየች። ከዚያ ሀረጎ፣ ያ መኪና እየተጠማዘዘ የሚያቃስትበት ዳገት፣ በደቂቃ አለቀ። እኛ በወረድን መጠን መሬቱም ይወርድልን ነበር። ቦርከና ሲታየኝ አለቀስኩ። ሳላውቀው ነው፣ እንባዬ አገጬ ላይ ሲደርስ ነው ያወቅኩት።

«ተመልሶ መነሣት የለም» አሉ ካፒቴኑ። «አንድ ጊዜ ነው።» በአንድ ሞተር ለማረፍ ወርደህ፣ ጎማ አውጥተህ፣ ከሳትክ እንደገና መውጣት አይታሰብም፣ ዙሪያውን ደግሞ ተራራ ነው። ስለዚህ ከፍ ብለው መጡ። ሜዳው በእጃቸው መግባቱን እስኪያረጋግጡ ጎማ አላወረዱም፣ ጎማ ሲወርድ ፍጥነት ይበላልና። አስፋልቱን ሲነካ እንደ ወትሮው ነበር። ለስላሳ። ከእሳቱ እስከ ማረፊያው በሰዓቴ ስምንት ደቂቃ።

አላለቀም። አውሮፕላኑ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጭሱ ወፈረ። በአየር ላይ ንፋሱ ይበትነው የነበረው ሙቀት ቆመ፣ ከተቃጠለ ቱቦ የሚንጠባጠብ ዘይት የጋለው ብረት ላይ ወድቆ እንደገና ተያያዘ። የዚህ ዓይነት አውሮፕላን በር ደግሞ አንድ ነው። በቀኝ ክንፍ ላይ ነው የሚከፈተው። ከሚነደው ሞተር ጎን። እጄ ወደ በሩ መያዣ ሲሄድ ካፒቴኑ ክንዴን ያዙኝ። «በግራ። መስኮቱ።» በግራ በኩል የአደጋ ጊዜ መውጫ መስኮት አለ። ስንት ጊዜ ማኅተሙን እንዳየሁ፣ ስንት ጊዜ «ደህና ነው» ብዬ እንደፈረምኩበት! በዚያች ሰዓት ግን መኖሩን ረስቼው ነበር። ልጅቷ ቀድማ ወጣችና ከውጭ ሆና ጋሼን በብብታቸው ጎተተቻቸው። ካፒቴኑ መጨረሻ ወጡ። የማረፊያው ሠራተኞች ማጥፊያ ይዘው እየሮጡ ደረሱና አጠፉት። ማንም አልተጎዳም። የጋሼ ክንድ ትንሽ ተላጠ፣ እሱም ከመስኮቱ ጠርዝ።

ከሰዓት በኋላ ሲቀዘቅዝ ሽፋኑን ፈታሁት። ጠዋት ያልፈታሁትን ሽፋን። ጥላሸቱን ጠርጌ ወደ ላይ ተከተልኩ፣ ጠዋት መከተል እንደነበረብኝ። ነዳጅ የሚያስተላልፈው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችውን ዳዶ በሁለት ጣቴ ያዝኳት። በጣት ዞረች። ቁልፍ አላስፈለጋትም።

እኛ አንድ ዳዶ በቶርክ ቁልፍ በልኩ ካጠበቅን በኋላ ከዳዶው እስከ መገጣጠሚያው ድረስ አንዲት ቀጭን የቀለም መስመር እናሰምርበታለን። ቀለሙ ይደርቃል። ዳዶው ከተነቃነቀ መስመሩ ይሰበራል፣ በዓይን ይታያል። ሌሎቹ ዳዶዎች በሙሉ፣ ተቃጥለውም፣ የመስመሩ ርዝራዥ አለባቸው። ያቺ አንዷ የላትም። አንድ ሰው በእጁ አስገብቷት፣ በኋላ ላጠብቃት ብሎ ስልክ ተደውሎለት፣ ወይም ለምሳ ተጠርቶ፣ ወይም መሽቶበት ረስቷታል። ማን እንደሆነ አልናገርም። የእሱን ጥፋት ካወራሁ የእኔ የሚረሳ ይመስለኛል። ዳዶዋ ሳምንት ሙሉ በንዝረት እየላላች ሄዳለች። ቀስ በቀስ ነበር የምታፈሰው። ሰማያዊ ቀለም ጥላ ነገረችኝ፣ እኔም በጨርቅ ጠረግሁት።

በኋላ ብዙ የአደጋ ዘገባ አነበብኩ። አንዱ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2007 ፍሎሪዳ፣ ሳንፎርድ ከተማ። ሴስና 310 ነው፣ ባለ ሁለት ሞተር፣ የእኛን የሚያክል። በዋዜማው አውሮፕላኑን የበረረ ሌላ አብራሪ የሚቃጠል ነገር ሸተተው። የአየር ጠባይ ራዳሩን አጠፋ፣ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ነቀለ፣ ሽታው ቆመ። ጉድለቱን ጻፈ። በትክክል ጻፈ! በማግሥቱ ግን ጉድለቱን ማንም ሳይመረምር፣ ሳይጠግን አውሮፕላኑ ተነሣ። በአየር ላይ ጭስ ሞላው። ሁለቱ አብራሪዎች ሊያርፉ ሲጣደፉ ቤቶች ላይ ወደቁ። በአውሮፕላኑ የነበሩት ሁለቱ ሞቱ፣ መሬት ላይ ቤታቸው የነበሩ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ከሦስቱ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። የአሜሪካው መርማሪ አካል ምክንያቱን ሲጽፍ የታወቀና ያልተፈታ ጉድለት ይዞ እንዲበር መፈቀዱን፣ አብራሪዎቹም ይህን እያወቁ መብረራቸውን ነው ያስቀመጠው።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ቀና ብላ «በሰላም አሳልፈው» የምትለው።

ያን ቀን ማታ እናቴ ቤት ገባሁ። ማንም አልነገራትም። ቡናው ሁለተኛ ጊዜ ተወቅጦ ቀረበ፣ የጠዋቱ ቀዝቅዞ ነበርና። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናውን ጠጣሁ። ስለ ጎረቤት አወራች፣ ስለ አክስቴ ጉልበት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ። በረካው ላይ ሲኒውን ስትቀበለኝ እጄን ያዝ አደረገችና አሸተተችው።

«ልጄ፣ ቤንዚን ቤንዚን ትላለህ» አለች። «ታጥበህ አይደል እንዴ የመጣኸው?»

ሦስት ጊዜ ታጥቤ ነበር። አውጥቼ ነገርኳት። ነጠብጣቧንም፣ ጨርቁንም። እናቴ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። ስለ ዳዶ አታውቅም። ጸጥ ብላ ሰማችኝና «ለሰውየውስ ነገርከው?» አለችኝ። ካፒቴኑን ማለቷ ነው። አልነገርኳቸውም ነበር። ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ውዬ፣ ዳዶዋን አሳይቻቸው፣ ስለ ጠዋቱ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ማለዳ ማረፊያው ስደርስ ካፒቴኑ ቀድመውኛል። የተቃጠለው ሞተር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። የአውሮፕላኑን መዝገብ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከሞተሩ መጥፋት በፊት፣ ከእሳቱ በፊት፣ ከዳዶዋ በፊት አንድ መስመር ጻፍኩ። «ላሊበላ፣ ጠዋት ከበረራ በፊት፤ በቀኙ ሞተር ሽፋን ሥር ሰማያዊ የነዳጅ ቅሪት አይቼ ጠርጌዋለሁ። ሽፋኑን ፈትቼ ምንጩን አልፈለግሁም።» ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት። ሁለት ጊዜ ያነበቡት መሰለኝ። ሻዩን መሬት አስቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። እስክሪብቶ ነው የፈለጉት። ከእኔ ፊርማ ሥር፣ በዚያ ደቃቅ ጽሑፋቸው፣ «ነዳጅ ሸትቶኝ ነበር፤ ሳልጠይቅ ተነሥቻለሁ» ብለው ጻፉና ፈረሙ።